የምን ቆዳ ነው?

«ቃር ነው» ትል ነበረ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ነጭ ኪኒን ስትውጥ፣ ሰዎች ሳያስተውሉ።
ራስ አል ኸይማህ ውስጥ፣ በልብስ ማጠቢያ ጓዳ፣
ሦስት ትራስ ከሥሯ፣ ከጀርባዋ ግድግዳ፣
እንደ ዘበኛ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው፤
ጋደም ካለችማ እሳት ነው ጉሮሮዋን የሚቦረቡረው።

ሲቲ ስካን ስትነሣ፣ ጉዱ ወጣ ታውቆ፤
ግማሽ ጨጓራዋ፣ አገሩን ሆዷን ለቆ፣
በድያፍራሟ ቀዳዳ፣ ያለ ቪዛ ሾልኮ፣
ልቧ ጎን ተኝቷል፣ ሳንባዋ ሥር ተወሽቆ።

«ሆድ ይፍጀው» ይባላል፣ ላልተነገረ ነገር።
ስንቱን ፈጅቶ ይሆን፣ ቦታ አጥቶ
የተሰደደው ወደ ላይ ሰፈር?

እኔ መሣሪያ አቀባይ ነኝ፣ በቀዶ ጥገናው ክፍል፤
መቀስ፣ መርፌ፣ ክር። ቋንቋም ሲጎድል
አስተርጓሚ እሆናለሁ፣ ተጨማሪ ሳይከፈል።

ዶክተር ቫርጊስ፣ የኬረላው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።
«ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ክር ብቻውን ያሳሳል፤
ጡንቻው ስስ ስለሆነ በሳል እንኳ ይተረተራል።
መረብ እናልብሰው፣ ከእንስሳ የተሠራ፤
ሕዋሱ ታጥቦ ወጥቷል፣ የቀረው ማገሩ ነው፤
የገዛ ሥጋዋ ይገባበታል፣ እያደር፣ ተራ በተራ።
ፕላስቲኩ ቧንቧዋን ሊበላ ይችላል፤
ይኸኛው ግን ይለሰልሳል፣ ሟሙቶ ይዋሐዳል።»

ተረጎምኩ። «ማገር» ስል ገባት፤ የጭቃ ቤት ታውቃለች።
ዝም አለች። ቆይታ፣
«የምን ቆዳ ነው?» አለች።

እሳቸው ወደ እኔ፣ እኔ ወደ ወለሉ።
መደርደሪያው ላይ ሁለት ካርቶን አለ።
አንዱ ከአሳማ። እንኳን ሩምያ፣
እኔም፣ ማዕተብ ያሰርኩት፣ ስሙን ስጠራ አፌን የምጠርግ።
ሁለተኛው ከበሬ።

«የበሬ ነው» አልኳት። «ልቡን ያቀፈው ገለፈት።»
«ቢስሚላህ ተብሎበታል?»
ዶክተሩ ካርቶኑን ገለበጡ፤
የምርት ቁጥር አለ፤ የሚያበቃበት ቀን አለ፤
ያንን የሚጽፉበት መስመር ግን የለም።

ሳቀች። ሳቁ አቃጠላት፣ ደረቷን ያዘች።
«ዳልቻን ሸጠን እኮ ነው የመጣሁ።»
«ማንን?»
«የአባቴን በሬ። ቀኝ በሬያችንን። ባቲ ገበያ፣ ሰኞ ቀን፤
ለደላላው፣ ለፓስፖርቱ፣ ለጤና ምርመራው።
ሲነዱት ዞሮ አየኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እንግዲህ።
አሁን ልቡን ይዞ መጣ በላ!
ግባ በሉት።»

ዶክተሩ ግን አልጨረሱም፤
«ለዘንድሮ፣ ለከርሞ ይይዛል። ከአምስት ዓመት ወዲያ
መረብ ያለውም የሌለውም እኩል ሲላላ አይተናል።
አልዋሻትም፤ በያት።»
ይህን ስነግራት ድምፄ ቀነሰ።
«አምስት ዓመት?» አለች። «የእኔ ኮንትራት
በየሁለት ዓመቱ ነው የሚታደሰው።»
ፈረመች።

በነጋታው ሆዷ በጋዝ ተነፋ፣ ድንኳን አከለ፤
አምስት ጠባብ ቀዳዳ፣ አንድ ካሜራ።
ጉበቷን ገለል አደረግን። ጨጓራው ወረደ፣ ቀስ እያለ፣
እናቱ ሦስቴ የጠራችው ልጅ ይመስል፣ እየተጎተተ።
ስፌት። ስፌት። ደግሞ ስፌት።
መረቡን በጨው ውኃ አለስልሼ አቀበልኩ፤
ከመዳፍ ያንሳል፣ እንደ ፈረስ ኮቴ ተቆርጧል።
በማስኬ ውስጥ፣ «ና ዳልቻ፣ ቀኝ» አልኩ።
«ምን አልሽ?»
«ምንም ዶክተር። ፋሻ እየቆጠርኩ ነው።»

በሦስተኛው ሌሊት ተረኛ ባልሆንም ገባሁ።
በመስኮቱ፣ ከባሕሩ ሰላጤ ዳር፣
ዓሣ አጥማጆች በባትሪ መብራት መረብ ይጠግናሉ።
ስልኳ በራ፤ እመቤቷ ናት፤ «መቼ?» ይላል።
ገልብጬ አስቀመጥኩት።
ከሥሯ አንድ ትራስ ሳብኩ።
አልነቃችም።
ሁለተኛውንም ሳብኩ።